አንቶኒ ኩዊን

አንቶኒ ኩዊን (ሙሉ ስሙ ማኑኤል አንቶኒዮ ሮዶልፎ ኩዊን ኦሃካ፤ ሚያዝያ 13 ቀን 1907 ዓ.ም. – ግንቦት 26 ቀን 1993 ዓ.ም.) በሜክሲኮ ተወልዶ በአሜሪካ ያደገ የፊልምና የመድረክ ተዋናይ፣ ሠዓሊና ቀራፂ ነበር። ከ60 ዓመታት በላይ በቆየው የሙያ ዘመኑ ከ100 በሚበልጡ ፊልሞች ላይ ተጫውቷል። ሁለት ጊዜ የኦስካር ሽልማት ያገኘ ሲሆን፣ በትወና ይህን ሽልማት በመቀበል በሜክሲኮ ከተወለዱ ሰዎች የመጀመሪያው ነው።

ኩዊን ይበልጥ የሚታወቀው የብዙ አገር ሰዎችን ሆኖ በመጫወቱ ነው። ሜክሲኳዊ፣ የአሜሪካ ቀደምት ነዋሪ፣ ቻይናዊ፣ ፊሊፒናዊ፣ ግሪካዊ፣ ጣልያናዊ፣ አረብ፣ የሰሜን ዋልታ አዳኝና የሮም ጳጳስ ሆኖ ተውኗል። በሊቢያው አርበኛ በዑመር ሙክታር ታሪክ ላይ በተሠራው ፊልም የተጫወተው ገጸ ባሕርይ ዋና ጠላት ደግሞ በኢትዮጵያ ታሪክ በየካቲት 12 ጭፍጨፋ የሚታወቀው ሮዶልፎ ግራዚያኒ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ዓ.ም. ተብለው ካልተለዩ በስተቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልደትና የልጅነት ዘመን

ኩዊን የተወለደው በሰሜናዊ ሜክሲኮ በምትገኘው የቺዋዋ ከተማ በ1915 ነው። ጊዜው የሜክሲኮ አብዮት የተፋፋመበትና አገሪቱ በእርስ በርስ ጦርነት የምትታመስበት ነበር። አባቱ ፍራንሲስኮ ኩዊን ከአየርላንዳዊ አባት በሜክሲኮ የተወለደ ሲሆን፣ እናቱ ማኑኤላ ኦሃካ ሜክሲኳዊት ነበረች። የኩዊን ስም የአየርላንድ፣ መልኩ የሜክሲኮ ሊሆን የቻለው ከዚህ የተነሣ ነው። አባቱ ከአብዮቱ መሪ ከፓንቾ ቪያ ጋር ዘምቶ እንደነበር በቤተሰቡ ውስጥ ይነገር ነበር።

ኩዊን ገና ሕፃን ሳለ ቤተሰቡ ድንበር ተሻግሮ በቴክሳስ ግዛት ወደምትገኘው ኤል ፓሶ ሄደ። ከዚያም ሥራ ፍለጋ ወደ ካሊፎርኒያ አቅንቶ፣ በእርሻ ቦታዎች ፍሬ በመልቀም ጭምር ኑሮውን ይገፋ ነበር። በመጨረሻም በሎስ አንጀለስ ከተማ ምሥራቃዊ ክፍል፣ ብዙ ሜክሲኳውያን በሚኖሩበት ሠፈር ተቀመጠ። አባቱም በዚያው ከተማ በአንድ የፊልም ስቱዲዮ ሥራ አገኘ።

ይህ የተሻለ ኑሮ ግን ብዙ አልቆየም። ኩዊን አሥር ዓመት ገደማ ሲሆነው አባቱ በመኪና አደጋ ሞተ። ከዚያ በኋላ እናቱንና እኅቱን ለመርዳት ያልሠራው ሥራ አልነበረም፤ ጫማ ጠርጓል፣ ጋዜጣ ሸጧል፣ በቀን ሠራተኝነት ተቀጥሯል፣ ለጥቂት ገንዘብ ሲል በቦክስ ተጋጥሟል። ባደገባት ከተማ በዚያን ጊዜ ስመ ጥር በነበረችው በሰባኪዋ ኤሚ ሴምፕል ማክፈርሰን ቤተ ክርስቲያንም አገልግሏል። በዚያም ሳክስፎን ይጫወት፣ ለስፓኒሽ ተናጋሪዎችም ያስተረጉም ነበር። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ሳይጨርስ ያቋረጠ ሲሆን፣ የክብር ዲፕሎማ ያገኘው በ1987 ዕድሜው ከ70 ካለፈ በኋላ ነው።

ከሥነ ሕንፃ ወደ ትወና

ኩዊን ከልጅነቱ ጀምሮ የሥዕልና የቅርፃ ቅርፅ ዝንባሌ ነበረው። የወጣትነት ሕልሙም ተዋናይ መሆን ሳይሆን የሥነ ሕንፃ ባለሙያ መሆን ነበር። በንድፍ ችሎታውም ከታወቀው የአሜሪካ አርክቴክት ከፍራንክ ሎይድ ራይት ጋር ተገናኝቶ በእሱ ዘንድ የመማር ዕድል አገኘ።

ወደ ትወና የገባው በአጋጣሚ ነው። ኩዊን ምላሱ ከሥር በመያዙ ምክንያት አነጋገሩ ጥርት ያለ አልነበረም። ራይት አንድ አርክቴክት ሐሳቡን ለደንበኞቹ በሚገባ ማስረዳት መቻል እንዳለበት በማመን፣ በቀዶ ሕክምና እንዲያስተካክለው መከረው። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ኩዊን የንግግር ልምምድ ስላስፈለገው ወደ አንድ የትወና ትምህርት ቤት ሄደ። የትምህርቱን ክፍያ የሚችለው ስላልነበረም ትምህርት ቤቱን በማጽዳት ይማር ነበር። ለንግግር ብሎ የገባበት ትምህርት ግን ሙያው ሆኖ ቀረ። የፊልም ሥራ በተገኘለት ጊዜ ራይትን አማክሮ፣ ራይትም ገንዘቡ በሥነ ሕንፃ ከሚያገኘው እጅግ የሚበልጥ መሆኑን አይቶ እንዲቀበለው እንደገፋፋው ኩዊን በኋላ ተርኳል።

በ1936 በሎስ አንጀለስ «ንጹሕ አልጋዎች» በተባለ ቴአትር ላይ ተጫወተ። የ21 ዓመቱ ወጣት የተሰጠው ሚና በዘመኑ ታላቅ የነበረውን ተዋናይ ጆን ባሪሞርን የሚመስል፣ ያረጀና በመጠጥ የተጎዳ ተዋናይ ነበር። ባሪሞርም ጨዋታውን አይቶ አደነቀውና ወዳጁ ሆነ። የሌሎችን ዕድሜ፣ ድምፅና አካሄድ አጥንቶ የመልበስ ችሎታው ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በዚህ ቴአትር ነው።

በሆሊውድ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት

በዚያው ዓመት በፊልም ላይ በትንንሽ ሚናዎች መታየት ጀመረ። ትኩረት ያገኘው ዳይሬክተሩ ሴሲል ቢ. ደሚል «ዘ ፕሌንስማን» ለተባለው ፊልሙ የሸየን ጎሣ ተዋጊ የሚሆን ሰው ሲፈልግ ነው። ኩዊን የጎሣው ተወላጅ መስሎ በመቅረብና ራሱ በፈጠረው ቋንቋ በመናገር ሥራውን እንዳገኘ ይነገራል። የፊልሙ መሪ ተዋናይ ጋሪ ኩፐር ነበር።

በ1937 ኩዊን የደሚልን የማደጎ ልጅ፣ ተዋናይት ካትሪን ደሚልን አገባ። በሆሊውድ ከነበሩት ኃያላን አንዱ አማቹ ቢሆንም ይህ ጋብቻ ትልልቅ ሚናዎችን አላስገኘለትም። እንዲያውም የታላቁ ዳይሬክተር አማች ከመባል አልፎ በራሱ ሥራ ለመታወቅ ብዙ ዓመታት ፈጅቶበታል።

በዚያን ዘመን የአሜሪካ የፊልም ኩባንያዎች ተዋንያንን ለዓመታት በሚዘልቅ ውል ይይዙ ነበር። የትኛው ተዋናይ በየትኛው ፊልም እንደሚጫወት የሚወስኑትም እነሱ ነበሩ። ጠይም መልክና የሜክሲኮ ዝርያ ያለው ሰው የፍቅር ታሪክ ጀግና ሆኖ አይመረጥም ነበር። ስለዚህ ኩዊን በአሥራ አምስት ዓመታት ውስጥ በአብዛኛው የተሰጡት ሚናዎች ወንበዴ፣ የወንጀለኛ ረዳት፣ የደሴት ነዋሪ፣ የቀደምት ነዋሪዎች አለቃና የበረሃ ሼክ ነበሩ። በ1941 «ዘይ ዳይድ ዊዝ ዘየር ቡትስ ኦን» በተባለው ፊልም የላኮታን ጦር መሪ ክሬዚ ሆርስን፣ በ1943 «ዘ ኦክስ-ቦው ኢንሲደንት» ላይ ያለ ፍርድ ለመሰቀል የተያዘን ሜክሲኳዊ፣ በ1945 ደግሞ «ባክ ቱ ባታን» ላይ የፊሊፒንስን አርበኛ ሆኖ ተጫውቷል።

ሚናዎቹ አጫጭር ነበሩ፤ አብዛኞቹም ፊልሙ ከማለቁ በፊት የሚሞቱ ነበሩ። ኩዊን ግን እያንዳንዱን ሚና ለማጥናት ተጠቀመበት። በኋላ የታወቀበት ከአንድ ሕዝብ ወደ ሌላው የመሸጋገር ችሎታ የተገነባው፣ ሆሊውድ ዋናውን ሚና በነፈገው በእነዚህ ዓመታት ነው።

የመጀመሪያ ልጁ ሞት

ኩዊንና ካትሪን አምስት ልጆች ወልደዋል። የመጀመሪያው ክሪስቶፈር የተባለ ወንድ ልጅ ነበር። መጋቢት 6 ቀን 1933 ዓ.ም. የሁለት ዓመቱ ሕፃን በአያቱ በደሚል ቤት ሳለ ማንም ሳያየው ወጥቶ ወደ ጎረቤት ግቢ ገባ። ግቢው የታወቀው ኮሜዲያን ደብልዩ. ሲ. ፊልድስ መኖሪያ ሲሆን ትንሽ ኩሬ ነበረው። ሕፃኑ በዚያ ኩሬ ሰጥሞ ሞተ።

ይህ ሐዘን በኩዊን ላይ ዕድሜ ልኩን ኖሯል። ልጁን አንሥቶ መናገር ስለማይችል ለብዙ ዓመታት ስሙን ከመጥራት ተቆጥቧል። ከብዙ ዓመታት በኋላ ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ውስጥ ከውስጡ ጋር የሚከራከር አንድ ልጅ በተደጋጋሚ ይመጣል፤ ያ ልጅ ግን ሟቹ ሳይሆን ድሀው የሎስ አንጀለስ ሕፃን፣ ማለትም ራሱ ኩዊን ነው።

መድረክና የመጀመሪያው ኦስካር

በ1947 ኩዊን የአሜሪካ ዜግነት አገኘ። በዚያው ዓመት በፊልም የሚሰጡት ሚናዎች ስላላረኩት ፊቱን ወደ ኒው ዮርክ መድረክ አዞረ። በብሮድዌይ የጀመረበት ቴአትር ብዙ ባይዘልቅም፣ ቀጥሎ ትልቅ ዕድል መጣ። ማርለን ብራንዶ በቴነሲ ዊልያምስ «የምኞት ባቡር» ቴአትር ላይ የስታንሊ ኮዋልስኪን ሚና ይዞ ገንኖ ነበር። ዳይሬክተሩ ኤልያ ካዛን ይህንኑ ሚና ለኩዊን ሰጠው፤ ኩዊንም ከከተማ ወደ ከተማ በመዘዋወርና በኋላም በብሮድዌይ ተጫወተው። ከብራንዶ ጋር መወዳደር ቀላል ባይሆንም ኩዊን ከዚህ በኋላ በሙያው ባለቤቶች ዘንድ በሌላ ዓይን መታየት ጀመረ።

ካዛን በ1952 የሜክሲኮውን ገበሬ አብዮተኛ የኤሚሊያኖ ዛፓታን ታሪክ በፊልም ሠራ። ድርሰቱ የጆን ስታይንቤክ ነው። ዛፓታን ሆኖ የተጫወተው ብራንዶ ሲሆን፣ በአብዮቱ ጊዜ የተወለደው ኩዊን የዛፓታን ወንድም ኤውፌሚዮን እንዲጫወት ተደረገ። ኤውፌሚዮ ለነጻነት ከታገለ በኋላ ራሱ የድሆችን መሬት ወደ መንጠቅ የሚዞር ሰው ነው። ኩዊን ይህን ውድቀት አሳምኖ በማሳየቱ «ቪቫ ዛፓታ!» በምርጥ ረዳት ተዋናይ ዘርፍ የመጀመሪያውን ኦስካር አስገኘለት።

በጣልያን አገር

ሽልማቱ ቢገኝም የሆሊውድ አመዳደብ ወዲያውኑ አልተለወጠም። ኩዊን ወደ ጣልያን አገር ሄዶ መሥራት ጀመረ። በዚያም ጁልየታ ማሲና ከተባለችው ተዋናይት ጋር በአንድ ፊልም ላይ ተገናኘ። ባለቤቷ ፌደሪኮ ፌሊኒ ገና በመታወቅ ላይ የነበረ ወጣት ዳይሬክተር ነበር። ፌሊኒ ለአዲሱ ፊልሙ ለ«ላ ስትራዳ» ኩዊንን መረጠው።

«ላ ስትራዳ» (ትርጉሙ «መንገዱ») በ1954 ለዕይታ በቃ። ኩዊን በደረቱ ሰንሰለት እየበጠሰ ከመንደር መንደር የሚዞር ዛምፓኖ የተባለ ጨካኝ ትርኢተኛ ሆኖ ይጫወታል። ዛምፓኖ ጀልሶሚና የተባለችን የዋህ ልጃገረድ ከድሀ እናቷ በገንዘብ ወስዶ ያሠራታል፣ ይመታታል፣ በመጨረሻም ጥሏት ይሄዳል። መሞቷን የሚሰማው ከዓመታት በኋላ ነው። ያን ጊዜ በሌሊት ብቻውን በባሕር ዳርቻ ወድቆ የሚያለቅስበት ትዕይንት በፊልም ታሪክ ከሚታወሱት አንዱ ሆኗል። ኩዊን በተመሳሳይ ወቅት የሁን ነገሥታትን ታሪክ በሚተርከው «አቲላ» ላይ ከሶፊያ ሎረን ጋር፣ በ«ኡሊሴ» ደግሞ ከከርክ ዳግላስ ጋር ተጫውቷል።

ወደ አሜሪካ ተመልሶም በ1956 በቪንሰንት ሚኔሊ «ለስት ፎር ላይፍ» ላይ ሠራ። ፊልሙ የሠዓሊው የቪንሰንት ቫን ጎግ ሕይወት ታሪክ ሲሆን፣ ቫን ጎግን ከርክ ዳግላስ፣ ጓደኛውንና ተከራካሪውን ፖል ጎጋንን ደግሞ ኩዊን ሆነው ይጫወታሉ። ኩዊን በፊልሙ የሚታይበት ጊዜ አጭር ቢሆንም ሁለተኛውን ኦስካር አገኘበት። ሽልማቱ በተሰጠበት በመጋቢት 1957 ምሽት «ላ ስትራዳ»ም የምርጥ የውጭ ቋንቋ ፊልም ኦስካርን ወስዷል።

የታላላቅ ፊልሞች ዘመን

ከዚህ በኋላ መሪ ሚናዎች በየተራ መጡ። በ1956 በ«የኖተር ዳሙ ጎባጣ» ኳዚሞዶን ሆኖ ከጂና ሎሎብሪጂዳ ጋር ተጫወተ። በ1957 «ዋይልድ ኢዝ ዘ ዊንድ» ላይ ከአና ማኛኒ ጋር ሠርቶ በምርጥ መሪ ተዋናይ ዘርፍ ለኦስካር ታጨ። በ1958 አማቹ ደሚል በመታመሙ «ዘ ባካኒር» የተባለውን ፊልም በዳይሬክተርነት ሠራ፤ ኩዊን የመራው ፊልም ይህ ብቻ ነው። ፊልሙ ብዙም አልተሳካለትም። ደሚልም በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ ላይ አረፈ።

በ1960 በብሮድዌይ «ቤኬት» በተባለው ቴአትር ላይ የእንግሊዙን ንጉሥ ሄንሪ ዳግማዊ ሆኖ፣ ታላቁ እንግሊዛዊ ተዋናይ ሎረንስ ኦሊቪየር ደግሞ ቶማስ ቤኬትን ሆኖ ተጫወቱ። በዚህም ለቶኒ ሽልማት ታጭቷል። በዚያው ዓመት «ዘ ሳቬጅ ኢኖሰንትስ» ላይ በሰሜን ዋልታ በረዶ ውስጥ የሚኖር አዳኝ ሆኖ ታየ።

በ1961 «የናቫሮን መድፎች» ላይ ከግሪጎሪ ፔክና ከዴቪድ ኒቨን ጋር የግሪክ አርበኛ ሆኖ ተጫወተ። በዚያው ዓመት በወጣው «በርባን» ላይ ደግሞ በክርስቶስ ፈንታ የተፈታውን ወንበዴ ሆኗል። በዚህ ፊልም ውስጥ በስቅለቱ ጊዜ የሚታየው የፀሐይ መጨለም በካሜራ ዘዴ የተሠራ አይደለም፤ የካቲት 8 ቀን 1953 ዓ.ም. በጣልያን የታየው እውነተኛ ሙሉ የፀሐይ ግርዶሽ ነው።

በ1962 በዴቪድ ሊን «የዓረቢያው ሎሬንስ» ላይ የሁወይታት ጎሣ መሪ የሆነውን አውዳ አቡ ታይን ተጫወተ። ኩዊን የአውዳን ፎቶግራፍ አጥንቶ ራሱን በሜካፕ ከለወጠ በኋላ ወደ ቀረጻው ቦታ ሲገባ፣ ሊን እውነተኛ የበረሃ ሰው መስሎት በኩዊን ፈንታ እሱን ለመቅጠር አስቦ እንደነበር ይተረካል። በዚያው ዓመት «ሪኩዌም ፎር ኤ ሄቪዌይት» ላይ ዓይኑ የተጎዳና ከቦክስ ሌላ ሥራ የማያውቅ የደከመ ቡጢኛ ሆኖ ተጫውቷል። ለዚህም በወጣትነቱ በቦክስ መጋጠሙ ጠቅሞታል። በፊልሙ መጀመሪያ ላይ የሚያሸንፈው ቡጢኛ በኋላ መሐመድ ዓሊ የተባለው ካሲየስ ክሌይ ነው።

ዞርባ

ኩዊን በዓለም ዙሪያ በይበልጥ የሚታወሰው በ1964 በተሠራው «ዞርባ ግሪካዊው» ነው። ፊልሙ በግሪካዊው ደራሲ በኒኮስ ካዛንዛኪስ ልብ ወለድ ላይ የተመሠረተ ሲሆን፣ ዳይሬክተሩ ሚካኤል ካኮያኒስ፣ የሙዚቃው ደራሲ ደግሞ ሚኪስ ቴዎዶራኪስ ናቸው። ቀረጻው የተካሄደው በቀርጤስ ደሴት ነው። ታሪኩ በመጻሕፍት ብቻ የኖረ አንድ ወጣት፣ ማንበብን ሳይሆን መኖርን ከሚያውቅ ዞርባ ከተባለ ሠራተኛ ጋር ስለመሠረተው ወዳጅነት ነው።

በፊልሙ መጨረሻ የወጠኑት ሥራ ሁሉ ፈርሶ ባዶ እጃቸውን ሲቀሩ ሁለቱ በባሕር ዳርቻ ይጨፍራሉ። ይህ ጭፈራ ከጥንት የወረደ የግሪክ ባህል የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ሲርታኪ የተባለው ይህ ጭፈራ ግን ከቆዩ የግሪክ ጭፈራዎች ተወስዶ ለፊልሙ የተቀነባበረ ነው። ኩዊን እንደተረከው እግሩ ተጎድቶ ስለነበር መዝለል አልቻለም፤ ስለዚህ እግሩን አሸዋው ላይ እየጎተተ ጨፈረ። ዛሬ ሲርታኪ ግሪክን ለሚጎበኙ ሁሉ የአገሪቱ መለያ ሆኖ ይቀርባል።

ፊልሙ ሦስት ኦስካሮችን አግኝቷል፤ ከእነዚህ አንዱ ለተዋናይት ሊላ ኬድሮቫ የተሰጠው ነው። ኩዊን በምርጥ መሪ ተዋናይ ዘርፍ ቢታጭም ሽልማቱ ለሬክስ ሃሪሰን ሆነ። ከ1983 ጀምሮ ኩዊንና ኬድሮቫ የዞርባን ሚዩዚካል ቴአትር ይዘው በብሮድዌይና በልዩ ልዩ ከተሞች ለዓመታት ተጫውተዋል።

«መልእክቱ» እና «የበረሃው አንበሳ»

ኩዊን በ1968 «የአሣ አጥማጁ ጫማ» ላይ ከሶቪየት እስር ቤት ወጥቶ የሮም ጳጳስ የሚሆን ሰው፣ በ1977 ደግሞ «የናዝሬቱ ኢየሱስ» በተባለው የቴሌቪዥን ፊልም ላይ ሊቀ ካህናቱን ቀያፋን ሆኗል። በእነዚህ መካከል ሶርያ ተወላጁ ዳይሬክተር ሙስጠፋ አቃድ የእስልምናን አጀማመር የሚተርክ «መልእክቱ» (1976) የተባለ ፊልም ሲሠራ፣ የነቢዩ ሙሐመድን አጎት ሐምዛን እንዲጫወት ጠራው። በእስልምና ሥርዓት መሠረት ነቢዩ በፊልሙ አይታዩም፣ ድምፃቸውም አይሰማም። ሐምዛ ከዋነኞቹ ገጸ ባሕርያት አንዱ የሆነው ከዚህ የተነሣ ነው። ፊልሙ በእንግሊዝኛና በአረብኛ በሁለት የተለያዩ የተዋንያን ቡድኖች ጎን ለጎን ተቀርጿል፤ በአረብኛው ሐምዛን የተጫወተው ግብፃዊው አብደላ ጌስ ነው። ቀረጻው በሞሮኮ ተጀምሮ፣ በገጠመው ተቃውሞ ምክንያት በሊቢያ ተጠናቋል።

ለኢትዮጵያውያን ተመልካቾች የዚህ ፊልም ልዩ ክፍል የመጀመሪያዎቹ ሙስሊሞች ከመካ ስደት ሸሽተው ወደ ሐበሻ ንጉሥ የሚመጡበት ነው። ከመካ የተላኩ መልእክተኞች ስደተኞቹ እንዲመለሱላቸው ሲጠይቁ፣ ንጉሡ የስደተኞቹን ቃል አድምጦ አሳልፎ እንደማይሰጣቸው ይወስናል። ኩዊን ራሱ በዚህ ትዕይንት ውስጥ የለም።

ፊልሙ ከመታየቱ በፊት ኩዊን ነቢዩን ሆኖ ተጫውቷል የሚል የተሳሳተ ወሬ ተነዝቶ ነበር። በመጋቢት 1977 በዋሽንግተን ከተማ መሣሪያ የታጠቁ ሰዎች ሦስት ሕንፃዎችን ይዘው ከመቶ በላይ ሰዎችን ሲያግቱ ካቀረቧቸው ጥያቄዎች አንዱ ፊልሙ እንዲታገድ ነበር። በአጋጣሚው የሰው ሕይወት ጠፍቷል።

አቃድና ኩዊን እንደገና የተገናኙት በ«የበረሃው አንበሳ» (1981) ነው። ኩዊን በዚህ ፊልም ለሃያ ዓመታት ያህል ጣልያንን የተዋጋውንና በመስከረም 1924 ዓ.ም. በሰባዎቹ ዕድሜ ውስጥ ሳለ የተሰቀለውን የቁርዓን መምህር ዑመር ሙክታርን ሆኖ ይጫወታል። በፊልሙ ውስጥ ሙሶሊኒን ሮድ ስታይገር፣ ጄኔራል ግራዚያኒን ኦሊቨር ሪድ ሆነው ተጫውተዋል። ግራዚያኒ የሊቢያን ሕዝብ በአጥር በተከበቡ የማጎሪያ ሠፈሮች አስገብቶ የአርበኞቹን ስንቅና ድጋፍ ሲቆርጥ ይታያል። ይኸው ሰው ከጥቂት ዓመታት በኋላ በአዲስ አበባ የጣልያን እንደራሴ ሆኖ፣ በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ከተሞከረበት ግድያ በኋላ የደረሰው ጭፍጨፋና በዚያው ዓመት በደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ላይ የተፈጸመው ግድያ ዋና ተጠያቂ ነው። ጣልያን በሊቢያው ጦርነት ከኤርትራ የመለመለቻቸውን አስካሪዎች ማሰለፏም የሁለቱን ታሪኮች ቁርኝት ያሳያል።

ፊልሙ በሊቢያ መንግሥት ገንዘብ በ35 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተሠርቶ ወጪውን ሊመልስ አልቻለም። ጣልያን የሠራዊቷን ክብር ይነካል በሚል በ1982 የከለከለችው ሲሆን፣ በጣልያን ቴሌቪዥን የታየው በ2009 ነው። በአረቡ ዓለምና በአፍሪካ ግን የኩዊን ሽማግሌ አርበኛ፣ መነጽሩን አድርጎ ሕፃናትን የሚያስተምርበት መልክ ከእውነተኛው ዑመር ሙክታር ጋር ተዋሕዶ ቀርቷል።

የትወና ስልቱና የቀረቡበት ትችቶች

ኩዊን ረጅምና ግዙፍ ሰው ነበር። ገጸ ባሕርያቱን በአብዛኛው የሚገነባው ከሰውነት በመነሣት ነው። የዛምፓኖ ከባድ እርምጃ፣ የቡጢኛው የደከመ ድምፅ፣ የዑመር ሙክታር ዝግታ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ናቸው። ከ«ዞርባ» ስኬት በኋላ ግን ዳይሬክተሮች ያንኑ ገራም፣ ጮክ ብሎ የሚስቅ ሰው ደጋግመው ይፈልጉት ነበር። በ1970ዎቹ የሠራቸው አንዳንድ ፊልሞች ዞርባን በሌላ ልብስ የሚደግሙ ናቸው የሚል ትችት ቀርቦባቸዋል።

ሌላው ጥያቄ የኋላ ዘመን ነው። አንድ ተዋናይ የሌላን ሕዝብ ሰው ቀለም ተቀብቶ መጫወቱ ዛሬ በብዙዎች ዘንድ ተቀባይነት የለውም፤ የቻይናዊ ወይም የዋልታ አዳኝ ሚናዎቹም በዚህ ዓይን ይመዘናሉ። በሌላ በኩል ኩዊን ራሱ በዝርያው ምክንያት ወደ ዳር የተገፋ ስደተኛ ነበር። በ1940ዎቹ በሎስ አንጀለስ ያለ በቂ ማስረጃ በግድያ ለተፈረደባቸው የሜክሲኮ ተወላጅ ወጣቶች መከላከያ ገንዘብ በማሰባሰብ ተሳትፏል።

ሥዕል፣ ቅርፃ ቅርፅና መጻሕፍት

የወጣትነት ፍላጎቱን ኩዊን አልተወም። በፊልም ቀረጻ ቦታዎች በትርፍ ጊዜው ይስል፣ ከእንጨትና ከድንጋይም ይቀርጽ ነበር። በተለይ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ሥራዎቹ በልዩ ልዩ አገሮች ለዕይታ ቀርበዋል። ልጁ ሎሬንሶ ኩዊንም የታወቀ ቀራፂ ሆኗል። ኩዊን የራሱን ሕይወት የሚተርኩ ሁለት መጻሕፍት አሳትሟል፤ የመጀመሪያው በ1972፣ ሁለተኛው በ1995 ወጥተዋል።

ቤተሰብ

የኩዊንና የካትሪን ጋብቻ በ1965 በፍቺ አበቃ። ቀጥሎ በ1966 በ«በርባን» ቀረጻ ላይ በአልባሳት ክፍል ትሠራ የነበረችውን ጣልያናዊት ዮላንዳ አዶሎሪን አገባ፤ ሦስት ወንዶች ልጆችም ወለዱ። ከእነዚህ ፍራንቼስኮና ዳኒ ተዋንያን ሆነዋል። ይህም ጋብቻ በፍርድ ቤት በታየና በጋዜጦች በሰፊው በተዘገበ መራራ ፍቺ በ1997 ፈረሰ። በዚያው ዓመት ጸሐፊው የነበረችውንና ሁለት ልጆች የወለደችለትን ካቲ ቤንቪንን አገባ። የመጨረሻው ልጁ ሲወለድ ኩዊን 81 ዓመቱ ነበር። አባቱን በልጅነቱ ያጣው ኩዊን ከአሥር በላይ ልጆች ቢወልድም፣ ከሥራውና ከትዳሮቹ መፍረስ የተነሣ ከአንዳንዶቹ ጋር የነበረው ግንኙነት የሻከረ ነበር።

የመጨረሻ ዓመታትና ዕረፍት

በ1987 የጎልደን ግሎብ አዘጋጆች ለረጅም ዘመን አገልግሎት የሚሰጡትን ሽልማት ሸለሙት፤ ሽልማቱ የተሰየመው በቀድሞ አማቹ በሴሲል ቢ. ደሚል ነው። በ1990 የልብ ቀዶ ሕክምና ቢደረግለትም ሥራውን አላቆመም። በዚያው ዓመት የሄሚንግዌይ «ሽማግሌውና ባሕሩ» በቴሌቪዥን ሲሠራ አሣ አጥማጁን ተጫውቷል። በ1991 በስፓይክ ሊ «ጀንግል ፊቨር»፣ በ1995 ደግሞ «ኤ ዎክ ኢን ዘ ክላውድስ» ላይ ታይቷል። የመጨረሻ ፊልሙ ከሲልቬስተር ስታሎን ጋር የሠራው «አቬንጂንግ አንጀሎ» ከሞተ በኋላ በ2002 ወጥቷል።

ኩዊን የመጨረሻ ዓመታቱን ያሳለፈው በሮድ አይላንድ ግዛት ብሪስቶል በተባለች የባሕር ዳርቻ ከተማ ነው። በሰኔ 3 ቀን 2001 በቦስተን ሆስፒታል በመተንፈሻ አካል መድከም በ86 ዓመቱ አረፈ። የተቀበረውም በብሪስቶል በራሱ ግቢ ውስጥ ነው።

መታሰቢያዎች

በግሪክ የሮድስ ደሴት «የናቫሮን መድፎች» ከተቀረጸባቸው ቦታዎች አቅራቢያ የሚገኝ ትንሽ የባሕር ወሽመጥ በስሙ ይጠራል። በሎስ አንጀለስ መሀል ከተማ በሕንፃ ግድግዳ ላይ በዞርባ የጭፈራ አቋም እጆቹን ዘርግቶ የሚታይበት ግዙፍ ሥዕል አለ። በተወለደባት በቺዋዋም ሐውልት ቆሞለታል። በምሥራቅ ሎስ አንጀለስ ደግሞ ጫማ እየጠረገ ባደገበት አካባቢ፣ የቤተሰቡ መኖሪያ በነበረበት ሥፍራ ላይ የሚገኘው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በስሙ ተሰይሟል።